መርከቡ ሲዞር ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ግሎባላይዜሽን አበቃለት የሚለውን ወሬ በየፖድካስቱና በየቲክቶኩ ስሰማ ሰንብቻለሁ። ትራምፕ ታሪፍ ጫነ፣ አሜሪካና ቻይና ተኳረፉ፣ አውሮፓ በሯን ገርበብ አደረገች፣ በቃ ሁሉም ወደየቤቱ ሊገባ ነው ምናምን ይባላል። እኔ ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፣ የሰው ዕቃ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆ ደሞ መጋዘን እስኪገባ ወረቀቱን ይዤ የምሮጥ ሰው ነኝ፣ እና እኔ ከቆምኩበት ሲታይ ያበቃ ነገር የለም። ኮንቴነሩ ዛሬም ይመጣል። የተቀየረው የሚመጣበት መንገድና ለመንገዱ የሚከፈለው ሂሳብ ነው፣ እኔ ደሞ ሂሳቡን በየቀኑ ስለማየው ነው ስለሱ መጻፍ የፈለግኩት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፣ ሥራችን ላይ ወረቀቱ ሁሉ በሱ ስለሚመጣ ለምዶብኝ ነው።)

በፊት ነጋዴው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፣ የት ይረክሳል? ጓንዡ ከረከሰ ጓንዡ፣ ዱባይ ከረከሰ ዱባይ። ትልልቆቹ የፈረንጅ ካምፓኒዎችም በዛው ጥያቄ ነበር የሚሠሩት፣ እነሱ ብቻ ሳይሆኑ ፋብሪካቸውም ርካሽ ወዳለበት ይሄዳል። ከኮቪድ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ማስክ የሚሠራው አንድ ሀገር ብቻ ከሆነ ምን እንደሚመጣ በ2020 ሁሉም አየ፣ በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የምትባል አንዲት መርከብ ሱዌዝ ካናል ላይ ተሰንቅራ ለስድስት ቀን የዓለምን ንግድ አስቆመች፣ በ2022 ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ የስንዴና የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ የኛ ሰው መሶቡ ላይ አይቶታል። ከዛ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ "ማን ጋ ብንገዛ አይከዳንም?" ሆነ። ከወዳጅ ሀገር ግዛ፣ ከቅርብ ግዛ፣ ከየት እንደመጣ በወረቀት የሚረጋገጥ ነገር ግዛ። ይሄ ክፉ ሐሳብ አይደለም፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እንደዛው ባሰብኩ። ግን መተማመኛ በነፃ አይገኝም፣ ዋጋ አለው፣ እና ያ ዋጋ ከእጅ ወደ እጅ እየተገፋ እየተገፋ መጨረሻ የሚያርፈው ወደሌላ ሰው ሊገፋው በማይችል ሰው ላይ ነው። የምጽፈውም ስለዚህ ሰው ነው።

መጀመሪያ ስለ ሳጥኑ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ያለሱ ይሄ ሁሉ አይኖርም። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለንብረት ነበር፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የምትባል መርከብ ላይ 58 የብረት ሳጥን ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። እስከዛ ድረስ ዕቃ በሰው ጫንቃ ነበር፣ ጆንያው በጆንያ፣ በርሜሉ በበርሜል፣ አንድ መርከብ ለማራገፍ ቀናት ይፈጅ ነበር። በሳጥን ሲሆን የአንድ ቶን መጫኛ ከ5.86 ዶላር ወደ 16 ሳንቲም ገደማ ወረደ። መርካቶ ምዕራብ ሆቴል አካባቢ ቆማችሁ የምታዩት የፕላስቲክ ጫማ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የልጆች ቦርሳ ሁሉ እዛ የደረሰው በዚህች ልዩነት ነው። ሰው ግሎባላይዜሽን ሲባል ኢንተርኔት ይመስለዋል፣ ለኔ ግን ሳጥኑ ነው።

እና የኛ ሳጥን በየት በኩል ይመጣል? ኤርትራ በ1993 ከተለየች በኋላ እስከ 1998 ጦርነት ድረስ አሰብን እንጠቀም ነበር፣ ከዛ ወዲህ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ዕቃችን በጅቡቲ ነው። ከ2018 ጀምሮ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አዲሱ ባቡር አለ፣ አብዛኛው ዕቃ ግን አሁንም በጋላፊ በሚሌ በአዋሽ አድርጎ በተሳቢ መኪና ነው የሚመጣው፣ ሾፌሮቹ በዛ ሙቀት ጋላፊ ላይ ተሰልፈው የሚያድሩትን ያየ ሰው ስለ ዕቃ ዋጋ ሲያወራ ይጠነቀቃል። ከሳጥኑ ጋር ደሞ ወረቀቱ አለ፣ ኤልሲ የሚባለው የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ዕቃው የየት ሀገር እንደሆነ የሚመሰክረው ሰርተፍኬት ኦፍ ኦሪጂን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር መናገር አለባቸው። አንዱ ወረቀት ላይ 480 ካርቶን ሌላው ላይ 408 ካለ ሳጥኑ ቆመ ማለት ነው፣ ሲቆም ደሞ ዲመሬጁ፣ ማለትም ሳጥኑ ለቆየበት ቀን የሚከፈለው ቅጣት፣ በዶላር መቁጠር ይጀምራል።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ከሥራችን ውጪ ያለ ሰው ብዙም ስለማያውቀው። ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፣ በዕቃው ዋጋ ላይ ኢንሹራንሱንና የመርከብ ማጓጓዣውን ደምሮ ነው። ስለዚህ ባሕር ላይ ማጓጓዣ በ1,000 ዶላር ጨመረ እንበል። ዕቃው 30 ከመቶ ቀረጥ ያለው ከሆነ በዛ ጭማሪ ላይ 300 ቀረጥ ይመጣል፣ በድምሩ 1,300 ላይ 15 ከመቶ ቫት 195 ይመጣል፣ ይሄን ሁሉ ደምሮ 10 ከመቶ ሱር ታክስ ሲጨመር ደሞ ወደ 150 ይሆናል። ኤክሳይዝ ያለበት ዕቃ ከሆነ ከዚህም ይብሳል። ባሕር ላይ 1,000 የነበረው ሞጆ ሲደርስ 1,640 አልፏል፣ ገና የአስመጪው ትርፍ፣ የጅምላው፣ የቸርቻሪው ሳይመጣ። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደሞ ብሩ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ፣ ጉምሩኩም ሂሳቡን የሚሠራው በወቅቱ ምንዛሬ ስለሆነ ያ 640 በብር ሲመነዘር ምን እንደሚያክል አስሉት። ሱቅ ውስጥ ሰውዬው ዋጋ ጨመርክ ብሎ ባለሱቁን ይቆጣል፣ ባለሱቁ አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩ አስመጪውን፣ አስመጪው እኔ ላይ ስልክ አንስቶ ይጮህብኛል። አልፈርድበትም።

ቀይ ባሕርን በዚህ ዓይን እዩት። ሁቲ የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች ኖቬምበር 19 ቀን 2023 ጋላክሲ ሊደር የምትባለዋን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት፣ ከዛ በድሮንና በሚሳይል መርከቦቹን መምታት ቀጠሉ፣ ዲሴምበር ላይ እነ ሜርስክ፣ ኤምኤስሲ፣ ሃፓግ ሎይድ መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል ማዞር ጀመሩ። ከእስያ አውሮፓ ለሚሄድ መርከብ ይሄ አስር ቀን ሁለት ሳምንት ይጨምራል። ካርታ ላይ ካያችሁት ጅቡቲ ከቀይ ባሕር መግቢያው ከባብ ኤል መንደብ ወጣ ብላ ኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው ያለችው፣ ከቻይና የሚመጣው ሳጥናችን ያንን ጠባብ በር ማለፍ ራሱ የለበትም። እና ለምን ተወደደብን? ምክንያቱም መርከብ እንደ ታክሲ ለኛ ብቻ አይጫንም፣ ያ ትልቁ መርከብ የሚሄደው አውሮፓ ነው፣ መንገድ ላይ ነው የኛን የሚያወርደው፣ እሱ መንገዱን ሲቀይር የኛ ሳጥን ሌላ ወደብ ላይ ወርዶ ትንሿን መርከብ ይጠብቃል፣ ትንሿ መርከብ ደሞ የጦርነት ቀጠና ነው ተብሎ ኢንሹራንሷ ጨምሯል። ሶማሌ ተራ ፍሬን ሸራ የሚገዛ የላዳ ሾፌር ስለ ሁቲ ምንም ላይሰማ ይችላል፣ ሂሳቡ ግን ደርሶታል። ቡናው ደሞ በተቃራኒው ነው፣ ሃምቡርግና አንትወርፕ ለመድረስ ትክክለኛ መንገዱ በዛው በር ነው፣ እና የዞረው በሙሉ የዞረው አፍሪካን ነው። ከጎናችን ያለ ባሕር ላይ ሰው ተጣልቶ ቡናችን ኬፕ ታውንን አይቶ ጀርመን ይገባል።

ይሄ የመንገድ ነገር ነው፣ ሲከፈት ሊስተካከል ይችላል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ በወረቀት የሚዘጋው መንገድ ነው።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲከፈት 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ቻይናዎች ገነቡት፣ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒቪኤች ዋናው ደንበኛ ሆኖ ገባ፣ የህንድ የስሪላንካ ካምፓኒዎች ተከተሉ። እኔ በዛን ጊዜ ለፓርኩ የሚገባ ዕቃ ወረቀት እሠራ ነበርና የሚገባውን አውቀዋለሁ፣ ጨርቁ ከውጪ፣ ክሩ ከውጪ፣ ቁልፉና ዚፑ ከውጪ፣ ሸሚዙ ላይ የሚንጠለጠለው የዋጋ ካርድ እንኳ በዶላር ታትሞ በካርቶን ነው የሚመጣው። ከኛ የሚጨመረው የልጆቹ እጅ ነበር። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ2019 ባወጣው ጥናት የጀማሪ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር፣ በዛን ጊዜ ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207። ይሄ ሁሉ የቆመው ደሞ በአንድ ሕግ ላይ ነው፣ አጎዋ። ጨርቁ ከየትም ይምጣ እኛ ጋ ከተሰፋ አሜሪካ ያለቀረጥ ይገባል የሚል።

ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አወጣች፣ ፒቪኤች ገና ኖቬምበር 2021 ላይ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ። በዛ ጦርነት ሰው ላይ የደረሰው በደል ትልቅ ነው፣ ተጠያቂ አያስፈልገውም የሚል ሰው ጋ አልስማማም። ግን ቅጣቱ ማን ላይ አረፈ? ውሳኔ ሲወሰን አዳራሹ ውስጥ ያልነበረች፣ ከአለታ ወንዶ መጥታ ሐዋሳ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይታ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ የምትውል ልጅ ላይ። አንዷን አውቃታለሁ፣ የአንድ የምሠራለት ሰውዬ ዘመድ ናት፣ መስመሯ ሲዘጋ እናቷ ጋ ተመልሳ ትንሽ ቆየችና ከዛ ቤይሩት ሄደች። ስደውልላት "ወንድሜ፣ እዛም ለነሱ ነበር የምሠራው፣ እዚህም ለነሱ ነው" አለችኝ። ምን ልበላት? ፋብሪካ ከሀገር ሀገር ይነሳል፣ ማሽኑን በሳጥን ጭኖ ይሄዳል፣ እኔም ወረቀቱን እሠራለታለሁ። ልጅቷ ግን ፋብሪካው ተነስቶ ወደሄደበት ሀገር ተከትላ ልትሄድ አትችልም፣ ያለችው ምርጫ የቤት ሠራተኛ ቪዛ ነው።

አጎዋ ራሱ ሴፕቴምበር 2025 ላይ የተሰጠው ጊዜ አልቆ በ2026 መጀመሪያ እስከዓመቱ መጨረሻ ብቻ ተራዘመ፣ በ2025 ኤፕሪል ላይ የመጣው ታሪፍ ደሞ እኛንም 10 ከመቶ አለን። ሌሶቶ በዛ ሕግ ተማምና ጂንስ ስትሰፋ የኖረች ትንሽ ሀገር ናት፣ መጀመሪያ 50 ከመቶ ነበር የተባለችው። ድሮ ቢሆን ክርክር ሲነሳ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ይኬዳል ይባል ነበር፣ የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ ግን ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ አሜሪካ ዳኛ አላስሾምም ስላለች ሥራ አቁሟል። እኛ አባል ለመሆን ያመለከትነው በ2003 ነው። ስንጠብቅ ስንጠብቅ በሩ ጋ ስንደርስ ውስጥ ያለው ሰው ለመውጣት ሲጣደፍ አገኘነው።

ቡናው ጋ ልምጣ፣ ልቤ ያለው እዛ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ አለ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና፣ ካካዎ፣ ሶያ፣ ጎማ፣ የመሳሰሉት አውሮፓ አይገቡም። ገዢው ቡናው የተለቀመበትን ማሳ በጂፒኤስ ነጥብ ማሳየት አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያውን፣ ከዛ በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፣ አሁን ለትልልቆቹ 2026 መጨረሻ ነው። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ፣ ደን የሚያልቅበት ሀገር ሰው ነኝ። ግን እስቲ ኑና ማሳው ላይ እንቁም።

ከአንድ ላኪ ጋር ጌዴኦ ሄጄ ነበር፣ ይርጋጨፌ አካባቢ። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ሰውዬ ናቸው፣ መሬቱ ግማሽ ሄክታር ቢሞላ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከስሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ስር ቡና፣ ከቡናው ስር ጎመንና ዝንጅብል፣ አንድ ክንድ ባዶ ቦታ የለም። ዩኔስኮ በ2023 የጌዴኦን መልክዓ ምድር የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይሄንን አኗኗር ነው። ነጥቡን ሊይዝ የመጣው ልጅ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ቆሟል፣ ቅጠሉ ሰማዩን ስለሸፈነው ስልኩ ሳተላይት አላገኝ ብሎ ይዞራል ይዞራል፣ ልጁ ሁለት እርምጃ ወደዚህ ሦስት እርምጃ ወደዛ ይላል። ሽማግሌው ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና "ልጄ፣ ይሄ ነገር ለግብር ነው ወይስ መሬቱን ሊወስዱት ነው?" ብለው ጠየቁት። ልጁ "አይ አባባ፣ ቡናው ውጪ እንዲሸጥ ነው" አላቸው። "ቡናው መቼ ሳይሸጥ ቀርቶ ያውቃል?" አሉት። ልጁም እኔም መልስ አልነበረንም።

አስቡት፣ በሀገሪቱ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ቤተሰብ በቡና ነው የሚኖረው፣ አብዛኛው እንደሳቸው ቁራሽ መሬት ላይ ነው። አንድ ኮንቴነር ቡና ለመሙላት የስንት መቶ ገበሬ እሸት ተሰብስቦ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ በመሃል ሰብሳቢው አለ፣ አቅራቢው አለ፣ ሁሉም ይቀላቀላል። የእያንዳንዱን ነጥብ ለቅሞ ከኮንቴነሩ ጋር ማያያዝ ብር ይጠይቃል። ብራዚል ያለ አንድ ትልቅ እርሻ ግን አንድ ካርታ አውጥቶ ብዙ ኮንቴነር ይልካል። አውሮፓ ያለው ገዢ ደሞ ሕጉን ከጣሰ ቅጣቱ ከዓመት ሽያጩ 4 ከመቶና ከዛ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ በእሱ ቦታ ሆናችሁ ከማን ትገዛላችሁ? ዛፉን ያልቆረጡት ሽማግሌ በዛፉ ጥላ ምክንያት ነጥባቸው አልያዝ ብሎ ገበያው ሊያልፋቸው ነው። የመተማመኛው ዋጋ እሳቸው ጋ ደረሰ ማለት ነው፣ እሳቸው ደሞ ወደማንም ሊገፉት አይችሉም።

ስለ ሌላው በአጭሩ ልለፍ። መንግሥት ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከልክሏል፣ ሞጆ ላይ አሁን የምናየው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ በነዳጁ ዶላር ሲታሰብ ጥሩ ውሳኔ ይመስለኛል፣ ባትሪው ሲደክም ከማን እንደምንገዛ ግን ያው አንድ ሀገር ነው። ዳያስፖራው ደሞ፣ ከአሜሪካ በካሽ የሚላክ ገንዘብ ላይ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 1 ከመቶ ግብር መጥቷል፣ በባንክ አካውንት ወይም በካርድ ከላካችሁ አይነካችሁም፣ ይሄንን ለቤተሰብ ንገሩ። የሚጎዳው በካሽ የሚከፈለው፣ አካውንት የሌለው፣ አዲስ የሄደው ልጅ ነው፣ አሁንም ያው መጨረሻ ላይ ያለው ሰው።

ምን ይሻላል ለሚለኝ ሰው፣ ወደቡ ላይ ብዙ ተብሏል፣ በርበራም ተሞከረ፣ ከሶማሊላንድ ጋር በጃንዋሪ 2024 የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሞ ምን ያህል ግርግር እንደፈጠረና ዲሴምበር ላይ አንካራ ውስጥ ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ላይ እንደተደረሰ ታስታውሳላችሁ። ሁለተኛ በር ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ፣ በሰላምና በንግድ ውል እንጂ በሌላ መንገድ ባይሆን ደሞ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘጋው በር እንደሆነ አይተናል። የአፍሪካ ነፃ ንግድ ቀጠናው በ2021 ተጀምሯል፣ አፍሪካ ውስጥ ለውስጥ የምንገበያየው ግን ከጠቅላላው ንግዳችን 15 ከመቶ አካባቢ ነው፣ ከሞያሌ ማዶ ያለውን ገበያ ከጓንዡ ባነሰ ነው የምናውቀው። እዛ ላይ የሚሠራ ሰው ባይ ደስ ይለኛል።

ግን ዛሬ ነገ ሳይባል በእጃችን ያለ ሥራ የቡናው ነጥብ ነው። እኛ በወረቀት ተከራክረን እናውቃለን እኮ። በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠይቀን በ2006 ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነስቶ ነበር፣ ትንሽ ሀገር ከዛ ግዙፍ ካምፓኒ ጋር ምን አቅም አላት ተብሎ ነበር፣ በጁን 2007 በስምምነት አለቀ፣ ስሙ የኛ መሆኑ ታወቀ። አሁንም ጥያቄው የማን ነው የሚለው ነው። ያ ልጅ ስልኩ ላይ የያዘው ነጥብ የት ይሄዳል? አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ጋ ወይ ገዢው ካምፓኒ ጋ ነው የሚቀመጠው። ገዢው በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ቦታ ልግዛ ካለ ዳታውን ይዞ ይሄዳል፣ ሽማግሌው ለአዲስ ገዢ ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ሌላ ልጅ ሌላ ስልክ ይዞ ይመጣል።

ነጥቡ የገበሬው መሆን አለበት፣ ቢያንስ የማኅበሩና የዩኒየኑ። ይርጋጨፌ ዩኒየን አለ፣ የኦሮሚያ ዩኒየን አለ፣ የሲዳማ አለ፣ ከገበሬው ጋር ዓመታት የሠሩ ናቸው፣ ዳታው እነሱ ጋ ተቀምጦ የፈለገ ገዢ በክፍያ ይየው፣ የለቀማውን ወጪም ሕጉን ያወጣው ወገን ይጋራው። ይሄንን ለመደራደር አውሮፓ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ የሽያጭ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው። ኤክስፖርት ላይ ያላችሁ፣ ዩኒየን ውስጥ የምትሠሩ፣ ውል የምታረቁ ጠበቆች፣ አንቀጹን ጽፋችሁ ከዚህ ምርት ዘመን ጀምሮ አስገቡት፣ ናሙና የሚፈልግ ካለ ከሁለት የሙያ ጓደኞቼ ጋር ያዘጋጀነውን እልክለታለሁ።